ቀኝ እጄን መሳብ ያስተማሯት ወጌሻ

አጥንትን በጅማት አያይዞ፣ ሥጋንም አልብሶ ሰውን በሁለት እግሩ ያቆመ አምላክ፣ ስሙ ከሁሉ አስቀድሞ የተመሰገነ ይሁን። እርሱን ካመሰገንሁ በኋላ ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝን ነገር እናገራለሁ። በቅርቡ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደብረ ሲና የወጣ አንድ ነጋዴ በደጄ ሲያልፍ ቆመና፣ «አባ፣ መርዶ ይዤ መጣሁ። ወጌሻ ኑሩ ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው» አለኝ።

አማተብሁ። «ለመሆኑ አሟሟታቸው እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እርጅና ነው እንጂ ሕመም እንኳ አልነበራቸውም። በመጨረሻው ቀን ልጆቻቸው ከአልጋ ቀና ሊያደርጓቸው ከጀርባቸው ቢገፏቸው ተቆጡ አሉ። ‹አትግፉኝ! ሳቡኝ! ስንት ዘመን ላስተምራችሁ?› አሏቸው። ሳቧቸው። ቀና አሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ‹አሁን ገባችሁ› ብለው ተኙ። በዚያው ቀሩ።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ መርዶ ሰምቼ ሳቅሁ። ያውም ጥምጥሜ እስኪላላ ድረስ። ነጋዴው ደንግጦ አህዮቹን ነድቶ ሄደ፤ ቄሱ አእምሯቸውን ሳቱ ብሎ በየደረሰበት ሳያወራ አይቀርም።

ወጌሻ ኑሩን ያላወቀ ሰው በሳቄ ሊፈርድብኝ ይችላልና፣ ማን እንደ ነበሩ ልንገራችሁ። ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን በሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር ይኖሩ የነበሩ፣ አባታቸውም አያታቸውም የተሰበረ ሲጠግኑ፣ የወለቀ ሲመልሱ የኖሩ የይፋት ሰው ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ደረታቸው እንደ ከበሮ ሰፊ ሲሆን፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀው ሲናገሩ ድምፃቸው ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። ትሕትና የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባቸውም። «ከአሊዩ አምባ እስከ ሸዋ ሮቢት በእኔ እጅ ያላለፈ ትከሻ ካለ፣ ባለቤቱ ወይ ወድቆ አያውቅም፣ ወይ ገና አልተወለደም!» ይሉ ነበር።

ሰው ሲያገኙ ከፊቱ በፊት አካሄዱን ያያሉ። «እንዴት አደርህ? ግራ ዳሌህ ዛሬም ሰንፏል፤ ቀኙ ነው ተሸክሞህ የመጣው» ይላሉ። ከወንዝ ውሃ ተሸክማ የምትመለሰውን ባልቴት፣ «እትዬ፣ አንገትዎ ጎበዝ ነው፤ ወገብዎን ግን ይምከሩት» ይሏታል። አንዳንድ ጊዜም ይሳሳቱ ነበር፤ ለምሳሌ የግመል ቂም የሚቀመጠው በአንገቱ ጡንቻ ውስጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ይህን ሊያስተዋቸው የሞከረ ሁሉ ተረትቶ ተመልሷል።

እኔ በዚያ ወራት ገና ወጣት ዲያቆን ነበርሁ። አቋቋም ተምሬ፣ በቆላው ቤተ ክርስቲያናችን በማኅሌት ጊዜ መቋሚያ ይዤ ከዜማው ጋር ከፍ ዝቅ ማድረግ ከምግብ ይልቅ ያጠግበኝ ነበር። አንድ ቀን ከደብረ ሲና ቁልቁል ስወርድ በቅሎዬ ከጣልያን ካሚዮን ደንብራ ጣለችኝና ቀኝ ትከሻዬ ወለቀ። ወደ ደብረ ሲና ተመልሼ ያገኘሁት አንድ ደግ ሰው አጥንቱን ወደ ቦታው መለሰልኝ፤ ነገር ግን ከደግነቱ ብዛት የተነሣ ክንዴን ከደረቴ ጋር ጠፍሮ ክረምቱን ሙሉ አልፈታውም። በመስከረም ቢፈታኝ ቀኝ እጄ እንደ ተሰቀለ ቀሚስ እጅጌ ተንጠለጠለች። ላንሣት ብል አልነሣ አለች።

ይህ ብቻ ቢሆን በጸሎት በታገሥሁት ነበር። ዳሩ ግን በሸዋ ሮቢት መግቢያ ጣልያኖች ኬላ አቁመው፣ በገበያ ቀን የሚያልፍ ሁሉ ቀኝ እጁን ወደ ፊትና ወደ ላይ ዘርግቶ ለባንዲራቸው ሰላምታ እንዲሰጥ አዝዘው ነበር። እኔ ብልጠት መስሎኝ ግራዬን አነሣሁ። የኬላው ሹም፣ ሙቀቱ ያማረረው ረጅም ሰው፣ አስጠርቶ በአስተርጓሚ ተናገረኝ።

«‹በባንዲራዬ ትቀልዳለህ ወይ?› ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

«ሕመምተኛ ነኝ ጌታዬ። ቀኜ አትነሣም።»

«‹ሁሉም ሕመምተኛ ነኝ ይላል› ይላሉ። በሚመጣው ገበያ ቀኝህ ካልተነሣች በካሚዮን ተጭነህ ትሄዳለህ።»

በዚያ ካሚዮን ተጭኖ የሄደ ሰው ሲመለስ አላየንም ነበር። ከዚያው ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ወጌሻ ኑሩ ቤት ገሠገሥሁ።

ገና ከደጃፉ ሳልደርስ አካሄዴን አይተው፣ «ማን ነው ይህን ምስኪን እንደ ሕፃን የጠቀለለው?» ብለው ጮኹ። ትከሻዬን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «የፍየል የፊት እግር አለህ?» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ ኑሩ?»

«ለትምህርት ነዋ!»

የእርሳቸው ሕግ ይህ ነበር፤ በሽተኛው በፍየል እግር ላይ ጅማት ስቦ በዓይኑ ሳያይ እጃቸውን አያሳርፉበትም። «ሥራውን የማያውቅ ጡንቻ አይታዘዝም» ይላሉ። ነገር ግን ችግር ነበረ። የእርሳቸው ወገን ያረደውን እኔ አልበላም፤ የእኔ ወገን ያረደውንም እርሳቸው አይበሉም። ሥጋ ደግሞ ተምረውበት የሚጣል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከየወገናችን አንዳንድ እግር ይዘን ቀረብን፤ በሁለት ሰሌን ላይም ለየብቻ ተጋደሙ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ በመካከላቸው እንደ ኬላ ጠባቂ ቆሙ።

«ደባልቃችሁ አንዳችሁን ከሃይማኖቱ እንዳታወጡ!» አሉ።

ወጌሻው ቆዳውን ገፍፈው ከጉልበቱ በታች ያሉትን ነጫጭ ጅማቶች እንደ ክራር ጅማት ለዩአቸው። «የፊተኛውን ሳብ» አሉኝ። ብስበው እግሩ ተዘረጋ። «የኋለኛውን ሳብ።» ሰኮናው ታጠፈ። «አሁን ግፋው እስኪ።» ብገፋው ጅማቱ ተጨማደደ እንጂ እግሩ ንቅንቅ አላለም።

«አየህ? ጡንቻ መግፋት አያውቅም! የሚያውቀው አጥሮ፣ ወፍሮ፣ መሳብ ብቻ ነው። ጅማቱ ገመዱ፣ አጥንቱ ጭነቱ፣ መጋጠሚያው ማጠፊያው ነው። በገመድ ግመል ገፍተህ ታውቃለህ?»

የቅኔ ቤት ልጅ ነኝና ዝም ብዬ አልተቀበልሁም። «ታዲያ በር ስገፋስ? ያን ጊዜ እየገፋሁ አይደለም?»

ወጌሻ ኑሩ በደስታ ዘለሉ። ሲከራከሯቸው የሚወዱትን ያህል ሲያመሰግኗቸው አይወዱም ነበር። ግራ መዳፌን ከቤቱ ምሰሶ ላይ አስደግፈው የክንዴን ጀርባ ጨበጡ። «ግፋ! በርታ! ይኸው የኋለኛው ሥጋ ደነደነ። እርሱ ክርንህን ከኋላ እየሳበ ያቃናዋል፤ በሩን የሚገፋው አጥንትህ ነው። ጡንቻህ ዛሬም እየሳበ ነው! ስታጥፈው ደግሞ የፊተኛው ይስባል፣ የኋለኛው ይለቅቃል። ሁለቱ እልኸኞች ሆነው በአንድ ጊዜ ቢስቡ ክንድህ እንጨት ሆኖ ይቀራል።»

«እንደ ባልና ሚስት ነው» አሉ እትዬ ዘሃራ። «በዚህ ቤት ሁልጊዜ የሚለቀው ማን እንደ ሆነ ግን አልነገሩህም።»

«ትእዛዙንስ ማን ይሰጠዋል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከሰሌኑ ላይ ያለውን የፍየል እግር አገላብጠው አዩት። «እኔ ሳቢውን ነው የማውቀው» አሉ በመጨረሻ። «አዛዡን አንተ ከመጻሕፍትህ ፈልግ።» ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ የሐኪም ቤት ድሬሰር፣ ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ ወርዶ፣ ነርቭ በሚባል ቀጭን ክር ወደ ጡንቻው እንደሚደርስ አስረዳኝ። ይህን ወርጄ ብነግራቸው፣ «እኔስ ገመድ ነው ብዬህ አልነበረም!» ብለው ምስጋናውን ለራሳቸው ወሰዱት።

በዚያ ቀን ግን ትከሻዬን እንደገና ዳብሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አጥንቱ ቦታው ላይ ነው። ክንድን የሚያነሣው ይህ ትከሻህን እንደ ክዳን የሸፈነው ጡንቻ ነበር፤ አስረው ሥራ አስፈቱትና ከሳ። ይመለሳል ኢንሻአላህ። ለገበያው ግን አይደርስም። ወላሂ አይደርስም።» ጥቂት አሰቡና ዓይናቸው በራ። «እንግዲያው ሹሙንም እናስተምረዋለን!»

የገበያው ቀን ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ በዚያ ማለዳ የታረደ የራሳቸውን ወገን የፍየል እግር እንደ በትረ መንግሥት ይዘው ቀደሙኝ። ሹሙ በዳስ ጥላ ሥር ላቡን እየጠረገ ተቀምጧል። ካሚዮኑ ሞተሩን አስነሥቶ ከጎኑ ቆሟል። የገበያው ሰው በሙሉ ከበበን።

«ጌቶች፣ ይህ ፍየል በሕይወቱ ለማንም ሰላምታ ሰጥቶ አያውቅም» ብለው ጀመሩ ወጌሻ ኑሩ። «አሁን ግን ይመልከቱ።» ጅማቱን ሳቡት። የፍየሉ እግር ቀጥ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተዘረጋ፤ ልክ እንደ ጣልያን ሰላምታ።

ብዙ ሰው ከንፈሩን ነከሰ። አስተርጓሚው፣ «ምን ብዬ ልተርጉመው?» ብሎ አንሾካሾከ።

«ዓይን አለው አይደለም እንዴ? እያየ ነው!» አሉና ከወገባቸው ካራ አውጥተው ጅማቱን ቆረጡት። እግሩ ወደቀ። «ሳቢው ከጠፋ ፍየሉ ቢወድም ቢጠላም እግሩ አይነሣም። የዚህ ዲያቆን ነገርም እንዲሁ ነው።»

ሹሙ ፊቱ ቀላ። እጁን ወደ አለንጋው ሰደደ። እኔ ጸሎቴን በልቤ ጀመርሁ። ወጌሻ ኑሩ ግን፣ «እኔን ባያምኑኝ የገዛ ትከሻዎን ይጠይቁ» አሉት። «ግራ መዳፍዎን በቀኝ ትከሻዎ ላይ ያሳርፉና ክንድዎን ያንሡ፤ ሳቢው ሲያብጥ ይሰማዎታል።»

ሙቀቱ ይሁን፣ የማወቅ ጉጉት ይሁን፣ ሰውየው ተነሥቶ እንደ ተባለው አደረገ። ቀኝ ክንዱ ወደ ላይ ወጣች። በዚህ ጊዜ ገበያተኛው ሁሉ፣ ጨው ነጋዴው፣ ቅቤ ሻጩ፣ የኬላው ዘበኛ ሳይቀር፣ ሰላምታ የተሰጠ መስሎት ቀኝ እጁን ዘረጋ። ዶሮ ልትሸጥ የመጣች አንዲት ሴት ዶሮዋን እንደ ያዘች ወደ ሰማይ አነሣቻት።

ሹሙ ግን ዓይኑን ከትከሻው ላይ አልነቀለም። ክንዱን አወረደ፤ ገበያው አወረደ። በደንብ ያልተሰማው መስሎት እንደገና አነሣ፤ ገበያው አነሣ። አወረደ፣ አነሣ። ዶሮዋ ክንፏን አራግባ ጮኸች። አንድ ግመል ሳቢ ገመዱን በቀኙ ይዞ ስለ ነበር ክንዱን ባነሣ ቁጥር የግመሉ አንገት አብሮ ይሳባል፤ ግመሉም በስተመጨረሻ ተማርሮ አገሳ። ያን ጊዜ ሹሙ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ሁሉም እጁን እንደ ዘረጋ ደርቆ ቀርቷል። ለማውረድ የደፈረ የለም። ክንዱ ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

የሹሙ አፍ በመጀመሪያ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ከዚያም ፈነዳ። ወንበሩን ይዞ ሳቀ።

ወጌሻ ኑሩ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ «ሳቅም የጡንቻ ሥራ ነው። እርሱም ሳበ!» አሉኝ።

ሹሙ ሲረጋጋ ወደ እኔ መጥቶ መዳፉን በቀኝ ትከሻዬ ላይ አሳረፈና አንሣ አለኝ። ሞከርሁ። ከመዳፉ ሥር ምንም አልተንቀሳቀሰም። ራሱን ነቀነቀና ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚውም እንዲህ አለ፦ «‹ይሁን፤ አምኛለሁ። ወጌሻው በየገበያው እያመጣ ያሳየኛል። ክንዱ በዳነ ቀን የመጀመሪያው ሰላምታ እዚሁ ለባንዲራዬ ይሆናል። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ መነሣቷን ብሰማ ሁለታችሁንም እጭናችኋለሁ› ይላሉ።»

ስንመለስ ገበያተኛው እየሳቀ ተከተለን፤ የእኔ ልብ ግን ከበደኝ። «ጋሼ ኑሩ፣ የመጀመሪያዋን ለእርሱ ባንዲራ ከምሰጥ ባትነሣ ይሻለኛል» አልሁ።

ቆም ብለው አዩኝ። «እኔ መሳቡን ነው የማስተምራት። ለማን እንደምትስብ የምታዝዛት አንተ ነህ። አዛዡን አንተ ፈልግ አላልሁህም?»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ትከሻዬን በሰሊጥ ዘይት ያሹኛል። ጣቶቼን በግድግዳቸው ላይ እንደ እንሽላሊት ሽቅብ ያስኬዱኛል። ውሃ በገመድ ያስቀዱኛል፤ እትዬ ዘሃራም ሊጥ ያስቦኩኛል። «ዲያቆኑ ለቤተ ክህነት ባይሆን ለእኔ ማጀት ይሆናል!» ይላሉ። ጥዋት ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ ወጌሻው ያጨበጭባሉ፦ «ጡንቻህ ሳታዝዘው እየሠራ ነው! ሲሠራ ይሞቃል፤ ሊያሞቅህ ነው!» ክንዴ ቀስ በቀስ ሥጋ ለበሰች። ከትከሻ በላይ ማንሣትን ግን ከለከሉኝ። «ድንበራችን እስከ ትከሻ ነው» አሉኝ።

በየገበያውም ወደ ኬላው እንሄዳለን። ክንዴ መጀመሪያ እስከ ወገብ፣ በኋላም እስከ ደረት፣ ከዚያ እስከ ትከሻ ደረሰች፤ በዚያም ቆመች። ሹሙ፣ «መቼ ነው?» ይላል። «ጡንቻ ሲቸኩሉት ያኮርፋል ጌቶች» ይላሉ ወጌሻ ኑሩ። አስተርጓሚው፣ ዘዴው የገባው ይመስለኛል፣ ይህችን አጭር ቃል ረጅም አድርጎ፣ እጁን እያወናጨፈ ሲተረጉም ሹሙ ሰልችቶት ሂዱ ይለናል። እኔም አልዋሸሁም፤ ከትከሻዬ በላይ ሞክሬ ስለማላውቅ መነሣቷን በእውነት አላውቅም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ካሚዮኖቹ ተጣድፈው በመንገዱ ያልፉ ጀመር። ጥቂት ሰንብቶ በማለዳ ኬላው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሹሙ ሄዷል፤ ባንዲራው ወርዷል፤ እንጨቱ ብቻ ተገትሮ ቀርቷል፤ አንድ ፍየል ጀርባዋን ስታክበት አየሁ።

ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያናችን ታቦት የሚነግሥበት በዓል ደረሰ። እንደ አገሩ ልማድ እስላም ጎረቤቶቻችን ከአጥሩ ውጭ ከዋርካው ጥላ ቆመው ይመለከታሉ። ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ እኔም መቋሚያዬን በቀኜ ይዤ በሰልፉ ቆሜአለሁ። ዜማው እየከረረ መጥቶ መቋሚያ ሁሉ ሽቅብ ከሚወጣበት ስፍራ ደረሰ። የሌላው ሁሉ ወጣ። የእኔ ከለመደችው ድንበር፣ ከትከሻዬ ላይ ቆመች። ፈራሁ። እምቢ ብትልስ?

ከአጥሩ ማዶ ያ የማውቀው ድምፅ ነጐደ፦ «ዲያቆን! ድንበሩ ፈርሷል! ሳብ!»

አዘዝኋት። የትከሻዬ ሥጋ ተሰብስቦ ደነደነ፤ ሲያብጥ ተሰማኝ፤ ጅማቱ አጥንቱን ጎተተው፤ መቋሚያዬም ከራሴ በላይ ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር ቆመች።

«ሳበች! አልሐምዱሊላህ፣ ሳበች!» ብለው ወጌሻ ኑሩ ጮኹና ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ከጎናቸው የቆሙት ጨው ነጋዴውና ቅቤ ሻጩም ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ ዘረጉ። እኔ መቋሚያዬን ሳወርድ አጥሩ በሙሉ እጁን ያወርዳል፤ ሳነሣ ያነሣል። ያቺ የገበያዋ ሴት ከየት እንዳመጣቻት አላውቅም፣ ዛሬም ዶሮ ይዛለች። ዶሮዋም ትወጣለች፣ ትወርዳለች። መሪጌታችን አጥሩን ሲያዩ ዜማው ተቋረጠባቸው፤ ከበሮ መቺው በሳቅ ተንበረከከ። እኔ ግን አላቆምሁም። ክንዴ እስኪዝል አነሣኋት። ዜማው በዚያ ቀን ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ምስጋናው ግን አልተበላሸም።

መርዶውን ከሰማሁ በኋላ ለልቅሶ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድሁ። ለቀስተኛው በሰሌን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔም ከልጆቻቸው ጋር ተቀመጥሁ። ልሄድ ስል ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝና የበኩር ልጃቸው ሊረዳኝ ከጀርባዬ ገፋ አደረገኝ። ሳላስበው ከአፌ፣ «አትግፋኝ! ሳበኝ!» የሚል ቃል ወጣ። ልቅሶ ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያም ሁሉም በአንድነት ሳቀ፤ ልጅየውም እንባውን እየጠረገ እየሳቀ ዞሮ ከፊቴ መጣና፣ ሁለት እጄን ይዞ ሳበኝ። ተነሣሁ።

እንግዲህ ይህችን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ያች ቀኝ እጄ በቅስናዬ ዘመን ሁሉ መስቀል ይዛ ኖራለች፤ ዛሬም ብታረጅ ከትከሻዬ በላይ ትወጣለችና አንሥቼ እመርቃችኋለሁ። ልዑል እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ያጽና፤ ለመልካም ስታዝዟቸው የሚታዘዙ ክንዶች ይስጣችሁ። በቤታችሁ አንዱ ሲስብ ሌላው መልቀቅን ይወቅበት። በጓዳችሁ በረከት፣ በጉንጫችሁ ሳቅ አይጥፋ። አሜን።